አራተኛው ኢላማ

ቬንደሊን ብሪትሽጊ አይብ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ነው። በስዊዘርላንድ፣ በኦብቫልደን ተራሮች ሥር ባለችው መንደሩ ግን በአይቡ የሚያነሳው ጥቂት ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው በተኩስ ሜዳው ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኩስ ኃላፊ ሆኖ፣ የኃላፊነቱን ቢጫ ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሮ፣ ዳቦ ጋጋሪውንም ቄሱንም በሆዳቸው አስተኝቶ አስተኩሷል። አፈሙዝ ከኢላማው ሌላ ወዴትም አይዞርም። ሳያነጣጥሩ ጣት ቃታ አይነካም። ከመተኮስህ በፊት ደግሞ የኢላማህን ቁጥር አንብብ! ይህን የረሳ ወዮለት። የጎረቤቱን ኢላማ የመታ ሰው ዜሮ ይመዘገብበታል፤ ከዜሮው ይልቅ ግን የቬንደሊን ምላስ ይብሳል። "የጎረቤትህን ላም ታልባለህ እንዴ?" እያለ ዓመቱን ሙሉ ያበሽቀዋል።

ዘንድሮም በተኩስ በዓሉ ቀን እንደ ልማዱ ቀድሞ የተኛው እሱ ነው፤ አራተኛው የተኩስ መደብ ላይ። አምስተኛው ላይ አናጢዋ ሬጉላ ተኝታለች። ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ጠመንጃ አያያዝ ያስተማራት እሱ ነው።

ትንፋሹን ያዘና ቃታውን ሳበ። አጠገቡ ያለው የውጤት ስክሪን ዜሮ አሳየ። ደገመ፤ ዜሮ። ነፋስ ይሆን ብሎ ባንዲራውን አየ፤ ባንዲራው እንደተንጠለጠለ ነው። ሠለሰ፤ አሁንም ዜሮ። ግራ ገባው። የተሳተ ጥይት ገና ከትከሻው ሲነሳ ይታወቀዋል፤ እነዚህ ደግሞ ደህና የሄዱ ነበሩ።

"ተኩስ አቁም! ጠመንጃ ባዶ አድርጉ!" ብሎ አዘዘ።

ሁሉም የጥይት ካዝናቸውን አወጡ። እሱም የራሱን ባዶ አድርጎ ማነጣጠሪያውን መረመረ፤ ምንም አልሆነም።

"ቆጣሪው ማሽን ሰክሯል" አለ።

"ማሽኑ ነው ወይስ ሰውየው?" አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። "ጠዋት ቡናህ ላይ ስንት አረቄ ጨመርክበት?"

"ገና አልቀመስኩም!" ሲል ሁሉም ሳቁ። እሱ ግን ይበልጥ ግራ ገባው።

ሬጉላ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ "ቬንዲ፣ እኔ አንድም አልተኮስኩም። ስክሪኔ ላይ ግን ሦስት ጥይት አለ፤ ሦስቱም መሃል" አለችው።

"ማን ተኮሰ ታዲያ?"

"እሱን አንተ ንገረኝ እንጂ።"

ወደ ሜዳው ዞረ። ጥቁሩ ክብ በማነጣጠሪያው ጠባብ ቀዳዳ ሲያዩት ይጎላል፤ ቁጥሩ ግን ነጭ ጭጋግ ነው። ካነበበው ሁለት ዓመት አልፎታል። ከግራ እየቆጠረ ነበር የሚተኩሰው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ይህን ለማንም አልነገረም፤ ለራሱም ቢሆን። የመጀመሪያውን ኢላማ ደግሞ እንጨቱ በስብሷል ብሎ በዚህ ጸደይ ያስነሳው ራሱ ነው። ለካ አራት ብሎ የቆጠረው አምስተኛውን ኖሯል።

"ማሽኑ ነው እንበላቸው" አለች ሬጉላ። "ካወቁ ጨርቁን ይወስዱብሃል።"

አይቡን ለልጁ አስረክቧል፤ ሚስቱን ቀብሯል። የቀረው ይህ ጨርቅ ነው።

"ማሽኑ ነው!" አለ ጮክ ብሎ። ፊቱ በእፍረት ጋለ። "እንቀጥል!"

ተኳሾቹ እንደገና ተኙ። ተኩስ ከማዘዙ በፊት ኃላፊው ሜዳውን ማየት አለበት፤ እሱም አየ። ሣሩ አረንጓዴ ነው፤ ሌላ ነገር አልታየውም።

"ሜዳው ነፃ..."

"ቁም!" ብላ ጮኸች ሬጉላ። "ከኢላማዎቹ ሥር ሰው አለ!"

አንዲት ገበሬ አጥር ጥሶ የገባ ጥጃዋን በገመድ እየጎተተች ነበር። የተኙት ሁሉ አይተዋታል።

"የት?" አለ ቬንደሊን።

ቬንደሊን ዓይኑን ጠበብ አድርጎ፣ አንገቱን አስግጎ ፈለጋት፤ አጣት። በነዚህ ሁለት ዓመታት ስንት ጊዜ "ነፃ ነው" እንዳለ ለማሰብ ሞከረ። ፈራ፤ በተኩስ ሜዳ ላይ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

"ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም" አለ። "ሦስቱንም የሬጉላ ኢላማ ላይ የተኮስኩት እኔ ነኝ፤ ዜሮ ጻፉብኝ።" ከዚያ የክንዱን ጨርቅ መፍታት ጀመረ። ሬጉላ ልታግዘው እጇን ዘረጋች።

"ተዪኝ፣ እኔ እፈታዋለሁ" አላት። "አንቺ ዓይንሽን ከሴትዮዋ ላይ አትንቀይ።"