የተቃናው አንገቴ
ከአዲስ አበባ ጂቡቲ ከባድ መኪና በነዳሁባቸው ዓመታት ሁሉ ጭንቅላቴ ወደ ቀኝ ትከሻዬ ያዘነበለ ነበር። ልማድ ነው ብዬ ትቼዋለሁ፤ መንገዱን እንደሆነ ጥርት አድርጌ አያለሁ። የማይተዉኝ ሾፌር ጓደኞቼ ናቸው። አንድ ሰሞን መርከብ ዘግይቶብን ወደብ በር ላይ ተራ ስንጠብቅ፣ ሥራ መፍታቱ ሲያሰለቻቸው፣ «ይኼን አንገት ዛሬ እናቃናው» ብለው ካርቲየ 4 በሚባለው የጂቡቲ ሰፈር ወደሚኖሩ ያገራችን ወጌሻ ጎትተው ወሰዱኝ።

ሽማግሌው በቅባት አሹኝ፣ ጎተቱኝ፣ ከዚያ አንገቴን ዙሪያውን በካርቶንና በሻሽ ጠፍረው «ሳምንት እንዳትፈታው ልጄ» አሉኝ። እኔ ጅሉ አልፈታሁም!

ስፈታው አንገቴ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሏል። ጓደኞቼ አጨበጨቡ። እኔ ግን እያንዳንዳቸውን ሁለት ሁለት አድርጌ አየኋቸው።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ሮጥኩ። ሐኪሙ የሚለውን፣ አማርኛ የምትችል ነርስ ተረጎመችልኝ፦ «አንዱ ዓይንህ ከሌላው ከፍ ብሎ ነው የሚያየው። ጭንቅላትህን የምታዘነብለው ሁለቱን ለማስታረቅ ነበር። በል እንደ ድሮህ አዘንብል።»

ታገልኩ። ወጌሻው የጎተቱት ጅማት ግን እንደ ሽቦ ገትሮ ያዘኝ።

በማግስቱ መርከቡ ገባ፣ ተራዬም ደረሰ። መሪውን ጨብጬ ቀና ስል የወደቡ በር ሁለት ሆኖ ቆመብኝ። አንድ ዓይኔን ስጨፍን ደግሞ መራቁና መቅረቡ ጠፋብኝ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክሱን ተጭኖ «ግባ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!» ይለኛል።

በየትኛው ልግባ?