እናቴ መውለዷን ለማስመስከር

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቀጨኔ

ዛሬ ከቤት የወጣነው እናቴ ወንድሜን መውለዷን ለማስመስከር ነው። አዎ፣ በስልሳ ስምንት ዓመቷ! ካናዳ ያለው ወንድሜ ሊወስዳት ቢያመለክት፣ የኢሚግሬሽን ሰዎቹ «እኚህ ሴት እናትህ አይደሉም» ብለው ጻፉለት። በአራት ቀን ውስጥ ማስረጃ ካልደረሰ ፋይሉ ይዘጋል።

ጥፋቱ የራሱ ነው። ያደግነው አያታችን ቤት ነው። እናታችን ቀኑን ሙሉ ሥራ ስለምትውል «እማዬ» የምንላት አያታችንን ነበር፤ እናታችንን እንደ ሰፈሩ ሰው «እትዬ» እንላታለን። ትምህርት ቤትም ያስመዘገበችን አያታችን ናት፣ እናት ተብላ። ይሄ ጅል ወንድሜ መጀመሪያ ሲሄድ ወረቀቱ እንዳይጋጭብኝ ብሎ አያታችንን እናት፣ እናታችንን እህት አድርጎ ፎርሙን ሞላው!

ዳገቱ ላይ የእናቴ ትንፋሽ አጠረ።

«እትዬ፣ ትንሽ አረፍ በይ» አልኳት።

«ታክሲው ይሞላብናል» ብላ ቀደመችኝ።

ሦስት ሰዓት፣ ሽሮ ሜዳ

ሁለት ጎረቤቶች ትናንት ቃላቸውን ሰጥተዋል። ሦስተኛዋ ምስክር፣ ወንድሜን ያዋለዱት እማማ አሰገደች፣ አሁን የሚኖሩት ሸማኔ ልጃቸው ዘንድ ነው። ጋቢ ከተሰቀለባቸው ሱቆች ጀርባ ጥጥ ሲፈትሉ አገኘናቸው። ነገሩን ስነግራቸው እንዝርቱን ወረወሩት።

«በስመ አብ! አልወለደችውም አሉ? ሁለት ቀን ሙሉ አምጣ! እትብቱን የቆረጥኩት በነዚህ እጆቼ ነው!»

ነጠላቸውን አጣፍተው ከእኛ በፊት ከበር ወጡ።

አምስት ሰዓት፣ የወረዳው ቢሮ

«ሲስተም የለም» ተባልን። በረንዳው ላይ ቆመን ፓስቲ በሻይ በላን። ሁለቱ አሮጊቶች እየተፈራረቁ ባለችው አንዲት ወንበር ተቀመጡ። በስምንት ሰዓት ተራችን ደረሰ። ሠራተኛው በዕድሜ ልጄ የሚሆን ነው።

«ልጅዎ ምን ብሎ ነው የሚጠራዎት?» አላት እናቴን።

እናቴ መዋሸት አታውቅበትም። «እትዬ» አለችው።

«ታዲያ እንዴት እናቱ ይሆናሉ?»

ደሜ ፈላ። ሰው እንዴት እናትን ፊት ለፊቷ እንዲህ ይላል? አፌን ሳልከፍት እማማ አሰገደች ጠረጴዛውን መቱት።

«ስማ አንተ! እናትህ ስትወልድህ አይተሃል? እኔ ግን ይቺ ስትወልድ አይቻለሁ!»

ልጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ቃላቸውን ጻፈ፤ ማኅተሙን መታ።

አስራ አንድ ሰዓት፣ ቤት

ጫማችንን ሳናወልቅ ወንድሜ ደወለ።

«እትዬ፣ ተሳካ?»

ንዴቴን መያዝ አቃተኝ። አንድ የእሱ ፎርም አሮጊቶቹን ስንት ዳገት አስወጣ! ስልኩን ነጠቅኳት።

«አንተ ደንቆሮ፣ ዛሬ እንኳን እማዬ በላት እንጂ!»

ከዚህ ሁሉ መንገድ የሚማረው እሱ ብቻ መስሎኝ ነበር። እናቴ ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችና ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺስ?» አለችኝ።