ፓስታ ያጠብኩበት ክረምት

ደጋዋ ከተማችን ሞላሌ ላይ በነሐሴ ወር ቀዝቃዛ ምግብ እበላለሁ የሚል ሰው ጤንነቱ ይጠረጠራል። ቤት ውስጥ እንኳ ጋቢ ደርበን የምንቀመጥበት ወር ነው። ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ይውላል፤ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ እጅ ይቆርጣል። እኔ በዚያ ወር፣ በዚያ ውሃ፣ ግቢዬ ውስጥ ቆሜ የተቀቀለ ፓስታ አጥቤያለሁ። ያውም አንድ ቀን ሁለት ቀን አይደለም። ያየኝ አይቶኛል፣ ያማኝም አምቶኛል፤ ዛሬም አላፍርበትም።

ባለቤቴም እኔም መምህራን ነን። እሷ ዲፕሎማዋን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ ክረምት ክረምት ደብረ ብርሃን ትማር ነበር፤ ሐምሌንና ነሐሴን እዚያ ትቆይና ለዘመን መለወጫ ትመለሳለች። ያ የመጨረሻው ክረምቷ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንዱን ክረምት አቋርጣ በመመለሷ አብረዋት የጀመሩት ተመርቀው እሷ ወደ ኋላ ቀርታለች። አሁንም ብታቋርጥ ምዝገባዋ እንደሚሰረዝ ቁርጡን ነግረዋታል። ስለዚህ እሷ ሄደች፣ እኔ ከሁለት ሴት ልጆቻችን ጋር ቤቱን ይዤ ቀረሁ። ትልቋ አሥራ ሦስት፣ ትንሿ ስድስት ዓመቷ ነበር።

እኔም ዲግሪዬን የያዝኩት በክረምት ትምህርት ነው። አራት ክረምት ስመላለስ ቤቱን ማን ያዘው፣ ልጆቹን ማን አበላቸው ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው አላስታውስም። እሷ ስትሄድ ግን የእኔ ሆድ አገር ምድሩን አሳሰበው። አንዱ መንገድ ላይ አስቁሞኝ ከሳህ ይለኛል። ሌላዋ እህትህን ለምን አታስመጣም ትለኛለች። እህቴ የራሷ ቤትና የራሷ አራት ልጆች አሏት፤ እሱን የሚያስታውስ የለም። በጣም ነበር የምናደደው። በየቀኑ ተናድጄ ነው ቤቴ የምገባው።

መጀመሪያ ላይ በርግጥ አልቻልኩበትም። ባለቤቴ ሽሮውንም በርበሬውንም አዘጋጅታ፣ በየጣሳው ላይ ጽፋበት ነበር የሄደችው። ሽሮውን ሁለት ጊዜ አሳረርኩት። እንጀራ ከጎረቤት እየገዛን ቆየን፤ ሐምሌ ሲጋመስ እንጨቱ ሁሉ በዝናብ ራሰና ሴትየዋ ለራሷ ቤት ብቻ መጋገር ጀመረች። መብራት ጠዋት አንድ ሰዓት ግድም ይመጣና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይሄዳል፤ የሚመለስበትን ማንም አያውቅም። ከሰሉም እርጥብ ነው። ጠዋት የሠራሁት ወጥ ለምሳ ይረጋብኛል። ላሙቀው ስል ቤቱ በጭስ ይሞላል፣ ትንሿ ዓይኗን እያሸች ታለቅሳለች።

መላውን ያመጣችው ትልቋ ናት። የኮሪያ ድራማ አትጠግብም። አንድ ቀን ስልኬን ተቀብላ ቪዲዮ አሳየችኝ። አንዲት ሴትዮ በሙቀት ላቧ እየወረደ ቀጭን ፓስታ ትቀቅላለች፤ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበዋለች፣ በቀይ የቃሪያ ድልህ ትለውሰዋለች፣ በረዶ ጣል አድርጋበት ቁጭ ብላ ትበላለች። ቢቢም ጉክሱ ነው የሚሉት፤ ስሙን ለመያዝ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ልጄ የእኛ ችግር ማሞቁ ነው፣ ይሄ ደግሞ አይሞቅም አለችኝ። ምን ብዬ እከራከራታለሁ። በጠዋቱ መብራት አንዴ ከተቀቀለ በኋላ እሳት የሚባል ነገር አይፈልግም። ሰዎቹ የሙቀት መሸሻ ያደረጉትን እኛ የመብራት መሸሻ አደረግነው።

ከሱቅ ካለው ፓስታ ቀጭኑን መርጬ ገዛሁ። ማሸጊያው ስምንት ደቂቃ ይላል፤ እኛ አገር ከፍታ ላይ ስምንት ደቂቃ ምንም አያደርገውም፣ አሥራ አራት ይፈልጋል። የእነሱን ድልህ ከየት አባቴ አመጣለሁ፤ የባለቤቴን በርበሬ በውሃ አሽቼ አዋዜ አደረግሁት። አረቄ አልነካሁበትም፣ የሚበሉት ልጆች ናቸው። ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ አቼቶ፣ ተቆልቶ የተወቀጠ ሰሊጥ፣ ትንሽ ዘይት። ካሮት ፈቀፈቅሁ፤ ጥቅል ጎመን በቀጫጭኑ ከትፌ በጨው አሸሁት። የመጀመሪያ ቀን ማጠቡ ብክነት መሰለኝና በትኩሱ ለወስኩት። ተጣብቆ ገንፎ ሆነ። ልጆቹ በማንኪያ እየቆረጡ በሉት፣ ትልቋ ነግሬህ ነበር በሚል ዓይን እያየችኝ። በማግስቱ ድስቱን ይዤ ግቢ ወዳለው ቧንቧ ወጣሁ።

ዋናው ሥራ ማጠቡ ነው። ማጥለያው ላይ ትገለብጠዋለህ፣ ውሃውን ትለቅበታለህ፣ ዝልግልጉ እስኪለቅ ድረስ በሁለት እጅህ ታሸዋለህ። እነሱ በረዶ ይጨምሩበታል፤ የእኛ ቧንቧ የማንንም በረዶ አይፈልግም። ጣቶቼ ቀልተው ይደነዝዙ ነበር። ፓስታው ግን ጥንክር ይላል፣ አንዱ ከአንዱ ይላቀቃል፣ አዋዜው ሲገባበት ያቃጥላል፣ ይጣፍጣል፣ ደግሞ ጥርስ ላይ ይቀዘቅዛል። ትንሿ አፍንጫዋ እየፈሰሰ ጨምርልኝ አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ በሠራሁት ምግብ ጨምርልኝ ስባል የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ አለኝ፤ ለምን እደብቃለሁ።

የግቢያችን አጥር ግን የእንጨት ነው፤ ከውጭ ያሳያል። ወሬው ሳምንት አልፈጀበትም። መምህሩ ሚስቱ ብትሄድ ፓስታ እንደ ልብስ ያጥብ ጀመር ተባለ። ጭራሽ ሳሙና ይጨምርበታል ያለም አለ። የገበያ ቀን ወሬው ተሳፍሮ ገጠር፣ ቀየት ደረሰ፤ ቀየት ደግሞ አባቴ አሉ።

አባቴ ገብስ አርሰው፣ በግ አርብተው ያሳደጉኝ ሰው ናቸው። ማጀት ገብተው አያውቁም። ውሃ እንኳ በእጃቸው ቀድተው ሲጠጡ አይቼ አላውቅም። ፍልሰታ በገባ በሳምንቱ መጡ። ለእኔ ሳይነግሩኝ ቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄደው አስቀደሱና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከንስሐ አባታችን ጋር በሬን አንኳኩ። ሁለቱን አብረው ሳያቸው የመጡበት ወዲያው ገባኝ። ሽምግልና ነው። ባለቤቴን ሊያስመልሱ ነው።

እስከዚያ ሰዓት እህል ያልቀመሱ ሁለት ሽማግሌዎች ቤቴ ገብተዋል። ነገር የሚነሳው ከተበላ በኋላ ነው፤ ይሄ የታወቀ ነው። መብራት የለም፣ ከሰሉ አይያዝም። ቤት ያለው ጠዋት ያጠብኩት ፓስታ ነው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ላሳያቸው ፈልጌያለሁ። ይቅመሱትና ቤቱ እንዳልተፈታ ይወቁ አልኩ በልቤ። ለወስኩት፣ ካሮቱንና ጎመኑን ከላይ ደረደርኩት፣ ሰሊጡን ነሰነስኩበት። አምሮ ነበር። ትልቋ ልጄ እጃቸውን አስታጠበች፣ እኔ ትሪውን ይዤ ገባሁ።

የንስሐ አባታችን ጸሎት አድርገው ባረኩና እንቁላል እንደሌለበት ጠየቁኝ። የጾም ነው አልኳቸው። አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ሳህኑን በእጃቸው ጀርባ ነኩት። ከዚያ እጃቸውን ወደ በርኖሳቸው መለሱት።

«ማን ሞቶብህ ነው?» አሉኝ።

ያኔ ነው የሠራሁት ስሕተት የታየኝ። እኛ ዘንድ እሳት የማይነድበት ቤት የለቅሶ ቤት ነው፤ ጎረቤት ምግብ ሠርቶ ይዞ የሚገባው ለዚያ ነው። ጠዋት ጣሪያው ላይ ጭስ ያልታየ ቤት አላፊው ሁሉ ደህና ናችሁ ወይ ብሎ ይጣራል። እኔ ደግሞ ቤቴ አለመፈታቱን ላስረዳ ብዬ፣ ከቀየት ድረስ ለመጡት አባቴ ከሳህን እስከ ጉርሻ የቀዘቀዘ ነገር አቀረብኩላቸው። ሊሉት የመጡትን በገዛ እጄ በትሪ አድርጌ ሰጠኋቸው። እዚህ ተወልጄ፣ እዚህ አድጌ፣ ይሄን እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ኮሪያ ሆኜ ነበር መሰለኝ።

እንዲህ ነው የሚበላው አባባ ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። አልሰሙኝም። ቤትህ ተፈትቷል፣ ልጆችህ የለቀስተኛ ምግብ ይበላሉ፣ አንተ አደባባይ ወጥተህ የሴት ሥራ ትሠራለህ አሉኝ። ቁጣቸው ውስጥ ሐዘን ነበር፤ የከፋኝም እሱ ነው። የንስሐ አባታችን ነገሩን አለሳልሰው ያዙት። ማንም ክፉ አላደረገም፣ ትምህርቱም መልካም ነው፣ ግን እናት ናትና ቤቷ ይቅደም አሉ። ከዚያ ልቤን የነካውን ተናገሩ። የዛሬ ሁለት ዓመትስ ልጇ ብትታመም ማንም ሳያዛት ራሷ አስባ ተመልሳ የለ፤ አሁንም አንድ ስልክ ብትደውልላት ትመጣለች፣ አስተዋይ ሴት ናት አሉኝ።

እዚህ ላይ ለማንም ያልነገርኩትን መንገር አለብኝ። ያን ክረምት ራሷ አስባ አልተመለሰችም። ትንሿን ሁለት ቀን አተኮሳት፤ በሦስተኛው ቀን ግቢ ውስጥ ትሮጥ ነበር። እኔ ግን ሽሮ ሰልችቶኛል፣ ሰው ያወራል፣ አብረውኝ የሚያስተምሩት ያሾፉብኛል። ደወልኩላት። ልጅቷ ታማለች፣ ቤቱም ሊፈርስ ነው አልኳት። ለፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀራት መጣች። ልጅቷን ደህና ሆና አገኘቻት። ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አገለደመች፣ እሳት አያያዘች። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ሰው ሲጠይቃት ልጄ ታማብኝ ነው ትል ነበር፤ አላሳጣችኝም።

እና አባታችን አስተዋይ ናት ሲሉ እኔ አልቻልኩም።

«አባታችን፣ ራሷ አልመጣችም» አልኳቸው። «እኔ ነኝ በውሸት የጠራኋት። ልጅቷ ድና ነበር። ዛሬ ግን አልደውልም። እስከ መስከረምም ቢሆን ቀዝቃዛ እበላለሁ እንጂ አልደውልም።»

ትልቋ ልጄ ማስታጠቢያውን እንደያዘች ቆማ ታየኛለች። ይሄን እሷም አታውቅም ነበር። አባቴ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ዱላቸውን ያዙ።

«እንግዲያው ብቻህን ብላው» አሉኝ። «እኔ ከእንግዲህ እዚህ ቤት እህል አልቀምስም።»

ከአባት ይሄን መስማት ቀላል አይደለም። እግራቸው ላይ ልውደቅ ብዬ አስቤ ነበር። ብወድቅ ግን ከዚያ ቀጥሎ የማደርገው ስልኩን ማንሳት እንደሆነ ራሴን አውቀዋለሁ። ቆሜ ቀረሁ። የንስሐ አባታችን በሁለታችን መሀል ተጨንቀው አንዴ በሩን፣ አንዴ ሳህኑን አዩ። ባርከውታልና ሦስት ጊዜ ጎረሱ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ይሄ ነገር ያቃጥላል ብለው አባቴን ተከተሉ።

የተረፈውን ከልጆቼ ጋር በላነው። እንዲህ ተናድጄ የበላሁት ምግብ የለም። አንዲት ክር አልተረፈችም።

ትልቋ ነገሩን ለእናቷ ነገረቻት። ማታ ባለቤቴ ደወለች። ድምፅዋ ፈርቷል። አባባ እንዲህ ካሉ ልምጣ እንዴ አለችኝ፤ ዕቃዬን እንዳስር ብቻ ንገረኝ አለችኝ። ብትመጪ በሩን አልከፍትልሽም አልኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። እሺ ብላ ዘጋችው።

ፈተናዋን ጨርሳ ጳጉሜን ላይ መጣች። በየዓመቱ አባቴ ለዘመን መለወጫ የሚልኩልን በግ ያን ዓመት አልመጣም፤ ከዚያ ወዲህም አልመጣም። እኔ ቀየት እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፣ ያናግሩኛል፣ እቤታቸው እበላለሁ። እሳቸው ግን ቃላቸውን አላጠፉም፤ እኔም የእኔን አላጠፋሁም። ማን ቀድሞ ይታረቃል ብላችሁ አትጠይቁኝ። እኔ አይደለሁም።

በመጣች ማግስት ጠዋት መብራት ሳይሄድ ቀቀልኩላት። ጾሙ ተፈቷልና እንቁላል ቆርጬ ከላይ አደረግሁበት። ቧንቧው ጋ ቆሜ ሳጥብ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስታየኝ ነበር። አቀረብኩላት። እስከ መጨረሻው በላችው። አቼቶው ትንሽ በዝቷል አለች። ከዚያ ሹካዋን አስቀመጠችና ሳትቆጣ፣ ድምፅዋንም ሳታነሳ ተናገረች።

«ያን የጠራኸኝ ክረምትም እኮ ሱቅ ውስጥ ፓስታ ነበር።»

ባዶውን ሳህን አንስቼ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። እሷ ትበለኝ፣ ያገባታል። ሌላው ሁሉ ግን በአጥሩ እያየ ያሻውን ይበል፤ እኔ ከቧንቧዬ ስር አልነሳም።