ዘጠናኛው ቦታ

የጌዲ ሥራ መመዘን ነው። ዓለም ገና፣ ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ የሚስማር ፋብሪካ ውስጥ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሚዛን ላይ ይቆማል። ካርቶን ያነሳል፣ ሃያ አምስት ኪሎ መሙላቱን ያያል፣ ያሳልፋል። ስድስት ዓመት ሠርቷል። አሁን ሚዛኑን የሚያየው አለቃው ስለሚያየው ብቻ ነው። የጎደለውን ካርቶን ገና ከመሬት ሲያነሳው ክንዱ ያውቀዋል።

የመጣው ከሆሳዕና ነው። ሠላሳ ዓመቱ ነው። ከሚስቱ ከጣቢታ ጋር ፉሪ ዳገቱ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ እሑድ ጠዋት ቸርች አይቀርም። ያለበት አመል አንድ ነው፤ የኳስ ተጫዋች ካርድ ይሰበስባል።

የጀመረው በመልስ ነው። በ2006 መጨረሻ ከየህያ ሱቅ ሳሙና ገዛና ሦስት ብር መልስ ጠፋ። ሌላው ባለሱቅ እንዲህ ሲሆን ማስቲካ ይሰጣል። የህያ ማስቲካ አልቆበት ስለነበር አንድ የካርድ እሽግ ወረወረለት። ውስጡ አምስት ካርድ ነበር። አንደኛው ላይ አንድ በረኛ አየር ላይ ተዘርግቷል፤ ኳሷ ጣቱ ጫፍ ላይ ናት፤ ትግባ ትውጣ አይታወቅም። ጌዲ ያን ካርድ ሥራ ቦታ ኪሱ ውስጥ ይዞት ዋለ። በሳምንቱ አልበሙን ገዛ።

አልበሙ ዘጠና ቦታ አለው። ሰማንያ ዘጠኙ ተራ ካርዶች ናቸው። ዘጠናኛውና የመጨረሻው ካርድ፣ ዋንጫ ያነሳው አምበል፣ በሚያብረቀርቅ ቢጫ የተለበጠ ነው። ሰብሳቢው ሁሉ "ወርቄ" ይለዋል። እሽጎቹ የሚመጡበት ካርቶን ላይ እንደተጻፈው ከሃምሳ እሽግ አንዱ ውስጥ ይገኛል።

ጌዲ የገዛውን እሽግ ሁሉ ደብተር ላይ ይጽፋል። የ2008 ክረምት ሲያልቅ ሁለት መቶ ሦስት ደርሶ ነበር። በካርቶኑ ጽሑፍ ከሄድን አራት ወርቄ ሊያገኝ ይገባል። ያገኘው ዜሮ ነው። ሰማንያ ዘጠኙ ቦታ ሞልቷል። ዘጠናኛው ባዶ ነው። የቀሩት ድጋሚዎች በስኳር ፌስታል ታስረው አልጋ ሥር ተቀምጠዋል።

"ቁማር ነው" ትላለች ጣቢታ። አበባ እርሻ ነው የምትሠራው፤ ስትናገር እጇን አታቆምም። "ውስጡን ሳታውቅ የምትገዛው ነገር ቁማር ነው።"

"ቁማር አንዳንዴ ይሰጣል" ይላል ጌዲ። "ይሄ እኮ አይሰጥም።"

"እንግዲያው ከቁማርም የባሰ ነው በለኛ።"

ዋጋው ደግሞ አልቆም አለ። እሽጉ ሦስት ብር ነበር። በኅዳር 2008 በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ምክንያት ረብሻ ተነስቶ መንገድ ሲዘጋ አራት ሆነ። በጥር ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ፤ አራት ብሩ ግን አልቀረም። በክረምቱ ስድስት ገባ።

"ስድስት?" አለ ጌዲ።

"መንገድ ተዘግቶ ነው" አለ የህያ።

"ዛሬ ክፍት ነው። ባጃጅ ተሳፍሬ ነው የመጣሁት።"

"ዛሬ የምትገዛው መንገድ ተዘግቶ ሳለ የመጣውን ነው፣ ወንድሜ።"

"ከተዘጋ በምን መጣ?"

የህያ ሳቀ። "አንተን ሚስማር ቤት ያስቀመጠህ ማነው? ጠበቃ ነበር መሆን ያለብህ፣ ወላሂ።"

የህያ ስልጤ ነው፤ የጌዲ እኩያ። አባቱ መርካቶ ወርቅ ይነግዱ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ወርቁ ለዕዳ ሄደ። የህያ ዓለም ገና መጥቶ ስኳር፣ ዘይትና ደብተር የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተ። ባንኮኒው መስታወት ነው። ከመስታወቱ ሥር ሁለት ወርቄ ካርድ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ሦስት መቶ ብር። አንድ የአዲስ አበባ ሰብሳቢ ሽጥልኝ ብሎ የሰጠው ነው ይላል። አንዱ ሲሸጥ ሌላ ይተካል።

ሦስት መቶ ብር ከጌዲ ደሞዝ ሩብ ይበልጣል። ቢኖረውም አይገዛም ነበር። ሁለት መቶ ሦስት እሽግ ከፍቶ መጨረሻ ላይ ከመስታወት ሥር መግዛት ሽንፈት ነው። ከእሽግ ማውጣት አለበት። ይህን ለጣቢታ ሊያስረዳት ሞክሮ አልቻለም።

ባጃጅ ተራው ላይ ግን የሚረዳው ሰው ነበር። መገርሳ ባጃጅ ነጂ ነው፤ የባጃጁ ጣሪያ በውስጥ በኩል ሙሉ በሙሉ በካርድ ተለጥፏል። እሱም ወርቄ አግኝቶ አያውቅም።

"አካም ጅርታ፣ ያ ጌዲ! ዛሬስ?"

"አምስት ድጋሚ።"

"ፎርጅድ ነው ስልህ! ካርቶኑ ከነማሸጊያው ፎርጅድ ነው። የህያ ሆን ብሎ ፎርጅድ ያመጣል።"

"የህያ ምን ያውቃል? የመርካቶዎቹ ናቸው። እሱም እንደኛ ተሸውዶ ነው።"

"ሂድ እባክህ! ጠበቃው!" አለ መገርሳ። ባጃጅ ተራው ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ።

መስከረም 24 ቀን 2009፣ ማክሰኞ። ብዙ ሰው ከሞተበት ከቢሾፍቱው የእሬቻ በዓል ሁለት ቀን በኋላ ነው። ስልክ ላይ ኢንተርኔት የለም። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የፋብሪካው ዘበኛ በሩን ከፍቶ ሠራተኛውን "ወደየቤታችሁ" አለ። ከሰበታ በኩል ጥቁር ጭስ ይታያል። ምን እንደሚነድ የሚያውቅ የለም። ሁሉም ግን ይናገራል፤ አንዱ ፋብሪካ ነው ይላል፣ አንዱ መኪና፣ አንዱ ሁለቱም።

ጌዲ በእግሩ ወደ ፉሪ አቀና። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይጨሳል። ሱቆቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ከኋላው ጩኸት ተነሳ፤ ቀጥሎ ተኩስ ይሁን ጭስ ቦምብ ያልለየለት ድምፅ ተሰማ። ሰው ወደ እሱ አቅጣጫ ይሮጥ ጀመር። እሱም ሮጠ። የህያ ሱቅ ጋ ሲደርስ የብረት መዝጊያው እስከ ጉልበት ከፍ አለ።

"ጌዲ! ግባ! ቶሎ!"

በሆዱ ተንፏቆ ገባ። መዝጊያው ከኋላው ወረደ።

ውስጡ አንድ አምፖል በርቷል። ጌዲ ጉልበቱን አራገፈ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ቀና አለ። ቀና ሲል ያየው ሚዛን ነው። ስድስት ዓመት ሚዛን ላይ የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሌላ ነገር የለም። ትንሽ ነው፤ ሁለት የነሐስ ሳህን ያለው የወርቅ ሚዛን። ባንኮኒው ላይ ቆሟል። ግራውም ቀኙም ሳህን ላይ አንዳንድ የካርድ እሽግ አለ። ከጎኑ አዲስ ካርቶን ተከፍቷል።

የህያ አየውና አስታወሰ። ሰው ለማዳን ሲጣደፍ ባንኮኒው ላይ ያለውን ሳያነሳ ቀርቷል።

"ምን እየመዘንክ ነው?" አለ ጌዲ።

"ቅመም።"

ጌዲ ወደ ባንኮኒው ጠጋ አለ። እሽጎቹ በሁለት ተለይተዋል። አንድ ትልቅ ክምር አለ። አንድ እሽግ ደግሞ ለብቻው ካልኩሌተሩ ላይ ተቀምጧል። ጌዲ ብቸኛውን በቀኝ መዳፉ፣ ከክምሩ አንዱን በግራው አነሳ። ዓይኑን ጨፈነ።

"ይሄኛው ይከብዳል" አለ።

የህያ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። "ሽፋኑ ነው" አለ። "ወርቄው የተለበጠበት ነገር ይከብዳል። የፀጉር ያህል ነው። ሌላ ሚዛን አይለየውም።"

"ያባትህ ሚዛን ነው?"

"ያባቴ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሁለተኛው ካርቶን።"

"የአዲስ አበባው ሰብሳቢስ?"

የህያ ወለሉን አየ። "የለም።"

"ሁለት መቶ ሦስት እሽግ ገዝቻለሁ" አለ ጌዲ።

"ብዙ እንደገዛህ አውቃለሁ።"

"አታውቅም። ብታውቅ ቁጥሩን ትነግረኝ ነበር።"

"ስማኝ" አለ የህያ። "አንድ እሽግ ላይ ሃምሳ ሳንቲም ነው የማተርፈው። ሃምሳውን እሽግ ሸጬ የታክሲዬን አይመልስም። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ኪራዩ አይዘጋም። ወርቄዋ ናት ካርቶኑን የምታዋጣው። ሌላው ወረቀት ነው።"

"ለኔ የሸጥክልኝ ወረቀቱን ነዋ!" የጌዲ ድምፅ ከፍ አለ። "መገርሳ ፎርጅድ ነው ሲል እኔ ነኝ ላንተ የምከራከረው! ባጃጅ ተራ ላይ ጠበቃ እያሉ የሚስቁብኝ ባንተ ነው! የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ሳንቲሙን አጠራቅሞ—"

"ድምፅህን!" አለ የህያ።

ከውጭ የሩጫ ኮቴ መጣ። ብዙ ነው። አንዱ በዱላ የሱቆቹን መዝጊያ ተራ በተራ እየመታ ያልፋል። የየህያ መዝጊያ ተመታ፣ አምፖሉ ተወዛወዘ፣ ከመደርደሪያው አንድ ሳሙና ወደቀ። ኮቴው አልፎ ሄደ።

ጌዲ መዝጊያውን ሲያይ ቆይቶ ወደ የህያ ዞረ። የህያ መዝጊያውን አይደለም የሚያየው። የጌዲን አፍ ነው።

ያን ጊዜ ገባው። በሌላ ዓመት ቢሆን ይህ ነገር የሰፈር ሐሜት ነው። ሁለት ሳምንት ተወርቶ፣ ተሳቆበት፣ ምናልባት አንድ ሁለት ጥፊ ተቀምሶ ያልቃል። በዚህ ሳምንት ግን አይደለም። ከሌላ አገር የመጣ ነጋዴ ልጆቻችሁን ሁለት ዓመት ሲዘርፍ ነበር ብሎ አንድ ሰው ጮክ ካለ፣ ይህ መዝጊያ በዱላ ተመትቶ ብቻ አይታለፍም።

የህያ መስታወቱን ከፈተ። አንዱን ወርቄ አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋ። "ውሰደው። በነፃ።"

ጌዲ ተቀበለው። ነክቶት አያውቅም ነበር። አምፖሉ ሥር ቢጫው ከአምበሉ ጣት እስከ ዋንጫው ጫፍ ይሮጣል። ቦታውን ያውቀዋል፤ የመጨረሻው ገጽ፣ ቀኝ ታች። አገላብጦ አየው። ከዚያ መስታወቱ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

"ይሄ ለዝምታዬ ነው" አለ።

"ለሁለት መቶ ሦስቱ ነው፣ ወላሂ።"

"ለነሱ ቢሆን ትናንት ትሰጠኝ ነበር። ትናንትም መጥቼ ነበር።"

የህያ ካርዱን ወደ ጌዲ መልሶ ገፋው።

"አልናገርም" አለ ጌዲ። "ካርድህን አልፈልግም። ያቺን እሽግ መልሰህ ቀላቅላት። ሁለቱን ወርቄ ከመስታወቱ አንሳ፣ ሁለተኛ እዚያ እንዳላይ። ሚዛኑንም ከዚህ ሱቅ አውጣው።"

የህያ ከባዱን እሽግ ክምሩ ውስጥ ጨመረ፣ ካርቶኑ ውስጥ አፈሰው፣ እንደ ሎተሪ ዕጣ አማሰለው። ጌዲ ላለማየት ፊቱን አዙሮ ቆመ። የህያ ሲያበቃ ጌዲ ስድስት ብር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

"ምረጥ" አለ የህያ ካርቶኑን እየገፋለት።

"እጄ ያውቃል። አንተ ስጠኝ።"

የህያ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ አወጣለት። ጌዲ ቀደደው። አምስት ድጋሚ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውጭው ጸጥ ሲል በመዝጊያው ሥር ተንፏቆ ወጣ። ማታ ደብተሩ ላይ ሁለት መቶ አራት ብሎ ጻፈ። ለጣቢታ የነገራት የህያ እንዳስጠለለው ብቻ ነው።

"አላህ ይስጠው" አለች ጣቢታ። ለእስላም ጎረቤት እንዲህ ነው የምትመርቀው።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ፋብሪካው ለአሥራ አምስት ቀን ተዘጋ። ሲከፈት በበሩ ፊት ወታደሮች ቆመው ነበር። መንገዱ ተከፈተ፣ ሱቆቹ ተከፈቱ። የህያ መስታወት ሥር አሁን እስክሪብቶና ባትሪ ተደርድሯል።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ጌዲ ከሥራ ወጥቶ ባጃጅ ተራ ሲደርስ መገርሳ ከሩቅ ጠራው።

"ጌዲ! ና! ና እዚህ! አትንካ ግን፣ በዓይንህ ብቻ!"

በሁለት ጣቱ ወርቄውን ይዞ ፀሐይ ላይ ያገላብጠዋል።

"ከየት?" አለ ጌዲ።

"ከየህያ! ዛሬ ጠዋት! የመጀመሪያው እሽግ! ፎርጅድ አይደለም ለካ፣ አፈር ልብላ። አንተ ነህ ልክ የነበርከው።"

ጌዲ ካርዱን አየ። "እኔ የጎደለኝ እሱ ብቻ ነው። ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ እንጂ! ለዚህ አይደል የጠራሁህ። ሦስት መቶ።"

"በስድስት ብር ገዝተህ?"

"ዋጋው የታወቀ ነው እኮ። ሁለት ዓመት ሙሉ የህያ መስታወት ሥር ሦስት መቶ አልነበረም? ዋጋውን እሱ ነው የፈጠረው? ገበያው ነው። አሁንማ ከመስታወቱም ጠፍቷል፣ አልቋል ማለት ነው። ለሌላ ሰው አራት መቶ ነው የምለው። ላንተ ነው ሦስት።"

"ሁሉንም ድጋሚዬን ልስጥህ። ዘጠኝ መቶ ካርድ ይሆናል።"

"ድጋሚ ምን ያደርግልኛል? ጣሪያው ሞልቷል፣ ተመልከት።"

ጌዲ አፉን ከፈተ። ሦስት መቶ የሚባለው ዋጋ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ከአንድ የነሐስ ሳህን ነው የመጣው። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ዋጋው አሁኑኑ ይወድቃል። መገርሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን አፉ አይዘጋም። ምሽቱ ሳይደርስ ነገሩን ተራው ሁሉ ይሰማዋል፣ ነገ ደግሞ ፉሪ። ከመንገዱ ማዶ የህያ የስኳር ማንኪያውን እንደያዘ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ወደ እነሱ ያያል። አይንቀሳቀስም።

"ምነው?" አለ መገርሳ። "ምን ልትል ነበር?"

"ውድ ነው" አለ ጌዲ።

"ውድማ ውድ ነው! ወርቄ አይደል እንዴ!" መገርሳ ካርዱን በማስቲካ ወረቀት ጠቅልሎ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተና ባጃጁን አስነሳ። "ፉሪ ነህ አይደል? ግባ። አምስት ብር።"

"ሦስት ነበር።"

"መንገድ ተዘግቶ ነበራ!"

ጌዲ መንገዱን አየ። ክፍት ነው። አልተሳፈረም። ዳገቱን በእግሩ ጀመረው።