የቦይ ውሃ የነካው ሰማይ

ባለፈው ሳምንት የአባቴን ሥዕል ይዤ አዳማ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ፍሬም ቤት ገባሁ፤ መስታወቱ ከተሰነጠቀ ቆይቷል። ፍሬም ሠሪው ጎልማሳ ሥዕሉን ወደ ብርሃን አዙሮ አየና፣ «ማዘር፣ ይሄ ሰማዩ ላይ ያለው ቡኒ ነገር አያምርም። በኮምፒውተር አጥፍቼ ጥርት ያለ አዲስ ላትምልዎት?» አለኝ። ቆይ አልኩት። ያን ቡኒ ነገር ያመጣሁት እኔ መሆኔን አልነገርኩትም፤ ለአባቴም ነግሬው አላውቅም።

አባቴ ከአቦምሳ በታች አዋሽ ዳር በነበረ ትልቅ የብርቱካን እርሻ የመስኖ ካርታ ሠራተኛ ነበር። ብርቱካኑን በአረንጓዴ፣ ሽንኩርቱን በሮዝ፣ ቦዩን በሰማያዊ ቀብቶ ለሥራ አስኪያጁ ማቅረብ እንጀራው ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግን በዚያው የውሃ ቀለም ለራሱ ይሥላል፤ እንደ ተማሪ የተሰለፉትን ዛፎች፣ የፓምፑን ቤት ቀይ ቆርቆሮ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ጭው ያለ ሜዳ። ሰው አይሥልም፤ «ሰው አይቆምልኝም» ይላል። ከእያንዳንዱ ሥዕል ጀርባ እንደ ካርታው ሁሉ ቦታውን፣ ሰዓቱንና የአየሩን ጠባይ በእርሳስ ይጽፋል። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች ከጎኑ በርጩማ ላይ የምቀመጠው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሥራዬ ውሃ ማምጣት ነበር።

የቦዩ ውሃ ደለል አለበትና ቀለሙን ያደፈርሰዋል፤ ስለዚህ የምቀዳው በሥራ አስኪያጁ ግቢ ከጣራ የወረደ የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት በርሜል ነበር። በዚያ ግቢ ግን ስድስት ዝይዎች ነበሩ። አንገታቸውን እንደ እባብ አስረዝመው ሲከተሉኝ የጣሳውን ውሃ ግማሹን እያፈሰስኩ እሮጣለሁ። ዘበኛው ኦቦ ጉታ በሩ ላይ ሆነው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? ኧረ ቁሚ ልጄ! ዝይ ሰው በላ ሲባል የት ሰማሽ?» ለአባቴ ትንፍሽ አላልኩም፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ወፍ ፈራሁ ማለት ሞት መሰለኝ።

አንድ እሑድ እስከ በሩ ሄጄ፣ ዝይዎቹን ሳያቸው ተመለስኩና ከቦዩ ቀዳሁ። ጣሳውን ጥላ ሥር አስቀምጬ እስኪጠልል ጠበቅሁ፤ የጠራ መሰለኝ። አባቴ ሰማዩን በሰፊው ብሩሽ ቀብቶት ሲደርቅ ከፓምፑ ቤት በላይ ቡኒ ቀለበት ብቅ አለ። ጥቂት አየውና፣ «ዛሬ ሰማዩ አቧራ ይዟል» ብሎ ብሩሹን አጠበ።

በሚቀጥለው እሑድ ጣሳውን ላነሳ ስል ቀደመኝ። «አንቺ ሂጂ ተጫወቺ፤ እኔ አመጣለሁ።» ከዚያ ወዲያ ልኮኝ አያውቅም። ተቀይሞኛል ብዬ በርጩማዬን ወደ ቤት አስገባሁ፤ እሱም ነይ አላለኝም። ሁለታችንም ዝምተኞች ነበርን፤ እሱ ከዛፎቹ ሥር፣ እኔ ከቤቱ ጥግ፣ ብዙ እሑድ እንዲሁ አለፈ። ከሥዕሎቹ ሁሉ ፍሬም ያስገባው ያንኑ የቆሸሸውን መሆኑ ደግሞ እንዳልረሳው ሊያሳየኝ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ለትምህርት ናዝሬት አክስቴ ዘንድ ተላክሁ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ዐረፈ።

ፍሬም ሠሪው የጀርባውን ካርቶን በቢላ አነሳና፣ «ማዘር፣ ጽሑፍ አለው» ብሎ ሰጠኝ። አባቴ ራሱ ካሸገው ወዲህ ያን ጀርባ ያየው ሰው የለም። መነጽሬን አደረግሁ።

«ከፓምፑ ቤት ፊት ለፊት። ረፋድ። ደመና የለም። ውሃው የቦይ ነው፤ ልጄ ዝይዎቹን ፈርታ። ጉታ ነገረኝ። ከእንግዲህ አልልካትም።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ሰማዩን እንዳትነካው» አልኩት። «ከኋላም መስታወት አድርግበት።»

«ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ኋላውን ማን ሊያየው ማዘር?»

«አይሰቀልም» አልኩት።

ባለፈው ዓመት በዚያ ሳልፍ ብርቱካኑ ተነቅሎ፣ የፓምፑ ቤት ፈርሶ፣ ቦዩም የቱ ጋ እንደነበር መለየት አቅቶኝ ነበር። ከዚያ መሬት የቀረኝ አፈር በሥዕሉ ሰማይ ላይ ያለው ብቻ ነው። ሥዕሉ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ቆሟል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በርጩማዬን ከጎኑ አስጠጋለሁ።