ሦስተኛው ጥሪ

ዛሬ ከቀትር በኋላ፣ እዚህ የካ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ፣ ከሞተ ስድሳ ዓመት ያለፈውን ጓደኛዬን በስልክ ጠራሁት።

ስልኩን የያዘችልኝ ለሥራ ባሕር ማዶ የሄደችው የልጅ ልጄ ሕይወት ናት። ሙዚየም የሆነ አሮጌ ሰርጓጅ መርከብ ልትጎበኝ ገብታ በቪዲዮ ደወለችልኝ። መርከቡን ወዲያው ዐወቅሁት፤ በ1950ዎቹ ከባሕር ኃይላችን ተልከን የሠለጠንንበት ነው።

«አባባ፣ እዚህ ክፍል መንፈስ አለ ብለው ሰዎች በመሣሪያ እየመረመሩ ነው» አለችኝ እየሳቀች። «አይፍሩ፤ መንፈሱም ቢሆን እንደ እኛ እንደ ልጆችዎ የእርስዎን የሰዋስው እርማት ፈርቶ ይሸሻል።»

እኔ ግን አልሳቅሁም። ክፍሉን ዐውቀዋለሁ።

ጓደኛዬ ታፈሰ የእንጦጦ ማርያም ሰፈር ልጅ ነበር። እናቱ «ስምህ ሦስት ጊዜ ሳይጠራ አቤት አትበል፤ አንዴ ጠርቶ ዝም የሚል ሰው ላይሆን ይችላል» እያለች አሳድጋዋለች። እኛም በዚህ ልማዱ እንስቅበት ነበር።

በሥልጠናው ላይ ሳለን መርከቡ ውስጥ ውኃ የገባ ዕለት የዚያን ክፍል በር እንድዘጋ ታዘዝሁ። ታፈሰን ሁለት ጊዜ ጠራሁት። በድንጋጤ ልማዱን ዘንግቼ፣ መልስ ሳጣ ወጥቷል ብዬ በሩን ዘጋሁት። እሱ ግን ውስጥ ነበር።

ዛሬ ሕይወትን «ስልኩን ወደ በሩ አስጠጊልኝ» አልኋት። ከዚያም «ታፈሰ!» አልሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

ሳቋ ተቋረጠ። «አባባ፣ አሁን አቤት ያሉት እርስዎ ነዎት?»

እኔ አልነበርሁም።

ወዳጆቼ፣ ከእናንተስ መካከል እስከ ሦስተኛው ጥሪ ዝም በል ተብሎ ያደገ አለ? ጻፉልኝ። የጠራችሁት ሰው ዝም ቢላችሁ ግን፣ ሦስተኛውን ሳትጠሩ በር አትዝጉ።