ሽማግሌዎቹ ኮት ለብሰው የመጡ ዕለት

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት በነሐሴ ወር ነው። እስከ ዛሬ በጠዋት በር ሲንኳኳ ልቤ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ራሴን ታዝቤ እከፍታለሁ። ያን ቀን አፍሬያለሁም፣ ተጽናንቻለሁም፤ የቱ እንደሚበልጥ እስካሁን አላውቅም።

ጅቡቲ፣ ጋቦዴ ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ተቀጥሬ እዚያው እያደርኩ ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። አሠሪዬ ማዳም ሀዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ግን የምንግባባው በእኔ ስብርባሪ ሶማልኛና በሁለት ሦስት የፈረንሳይኛ ቃል ስለሆነ፣ ወሬያችን ሁሉ ስለ ሩዝና ስለ ልብስ ነው። ከአርብ እስከ አርብ አማርኛ የምሰማው ከራሴ አፍ ብቻ ነበር። ሽንኩርት እየከተፍኩ ብቻዬን አወራለሁ፤ ልጆቿ ይስቁብኛል።

አርብ ዕረፍቴ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ፕሬስቢቴሪያን ነን፤ ሞላን ቢባል ሠላሳ ሰው፣ በተውሶ አዳራሽ የምንሰበሰብ። አብዛኞቻችን የቤት ሠራተኞች ነን። ከባድ መኪና የሚነዱ ወንድሞችም ጭነት ሲጠብቁ ብቅ ይላሉ። በእኛ ዘንድ ፓስተር ብቻቸውን አይወስኑም። ምዕመኑ የመረጣቸው ሽማግሌዎች አብረዋቸው ተቀምጠው ይመክራሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ያዘነ ያጽናናሉ።

ያኔ ሽማግሌዎቻችን ሁለት ብቻ ነበሩ። ጋሽ በቀለ ዶራሌ ወደብ ዕቃ የሚያስለቅቁ የትራንዚት ሠራተኛ ናቸው። ጋሽ ወርቁ ድሮ ሾፌር ነበሩ፤ አሁን ትንሽ ጋራዥ አላቸው። ፓስተር ኤልያስ ደግሞ ወጣት ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

እናቴ አጋሮ ነው የምትኖረው። ኩላሊቷን ያማታል። በዚያ ሳምንት የወንድሜ ስልክ ሁለት ቀን ሙሉ አልሠራ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው አርብም ተነሥቼ "ለእናቴ ጸልዩልኝ" ብዬ በጉባኤው ፊት ተናግሬያለሁ። እንግዲህ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበርኩ ገምቱት።

ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። በቀዳዳው አየሁ። ፓስተር ኤልያስ፣ ጋሽ በቀለና ጋሽ ወርቁ ተደርድረው ቆመዋል። ሦስቱም ኮት ለብሰዋል፤ ጋሽ ወርቁማ ክራባትም አስረዋል። በነሐሴ ሙቀት ጅቡቲ ውስጥ ኮት የሚለብስ ሰው ወይ ሙሽራ ነው ወይ መርዶ ነጋሪ። እኛ ቤት ደግሞ ሙሽራ የለም።

ክው አልኩ። ከፈትኩላቸው።

"እንደምን አደርሽ ሰናይት" አሉ ፓስተር ዝቅ ባለ ድምፅ። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት የተኙት ልጆች እንዳይነቁ ብለው እንደሆነ የነገሩኝ በኋላ ነው። "ማዳምሽ አለች? መጀመሪያ እሷን ብናናግራት ጥሩ ነበር።"

መርዶ ሲነገር መጀመሪያ የቤቱ ባለቤት እንደሚነገረው ማን አያውቅም? ደጁ ላይ ተቀምጬ "እናቴን! እናቴን!" እያልኩ ጮህኩ።

ጋሽ በቀለ ሆደ ቡቡ ናቸው። እነሱ መንገድ ላይ ሳሉ ከሀገር ቤት ተደውሎልኝ የሰማሁ መሰላቸው። እንባቸው ቀድሟቸው ዱብ ዱብ አለ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሉኝ። ጋሽ ወርቁም ተከትለው "አይዞሽ፣ የሁላችንም መንገድ ነው" አሉ። በቃ፣ ከዚህ በኋላ ምን ልጠይቅ? እናቴ ሞታለች።

ማዳም ሀዋ ሻሿን እየጠመጠመች ወጣች። "ሆዮ?" አለችኝ፤ በሶማልኛ እናት ማለት ነው። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። መሬት ላይ ተንበርክካ አቅፋኝ ማልቀስ ጀመረች። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አቅፋኝ አታውቅም። ለቅሶውን የሰሙ ጎረቤቶችም ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ መጥተው ከበቡኝ።

እንዲህ ሆነን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን። በመጨረሻ ፓስተር ኤልያስ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው "ሰናይት፣ መቼ ነው የሰማሽው?" አሉኝ።

"አሁን ነዋ፣ ከእናንተ።"

"እኛ ምን አልንሽ?"

ምን እንዳሉኝ ለማስታወስ ሞከርኩ። ሞታለች ያለኝ የለም። ጋሽ በቀለ ጋሽ ወርቁን አዩ፣ ጋሽ ወርቁ ፓስተሩን አዩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስተኛ ሽማግሌ ያስፈልግ ነበርና እኔን አስበውኛል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ወግ ምዕመኑ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ፓስተሩና ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ ሆነው የታሰበው ሰው ቤት ድረስ ሄደው ፈቃዱን ይጠይቃሉ። ኮቱ ለሥርዓቱ ክብር ነው። በጠዋት የመጡት ጋሽ በቀለ ዶራሌ ሳይገቡ፣ ማዳምም ቢሮ ሳትሄድ ለመድረስ ነው። ማዳምን የፈለጉት ደግሞ ሽማግሌዎች ለሚሰበሰቡበት ቀን እንድትፈቅድልኝ ሊለምኗት ነው።

"እናቴስ?" አልኩ።

"ስለ እናትሽ እኛ የምናውቀው ነገር የለም" አሉ ፓስተር።

ይሄ አላጽናናኝም። ጋሽ ወርቁ ወንድሜ ጋ ደወሉ፤ አይሠራም። ደግመው ደወሉ። ማዳም የራሷን ስልክ አምጥታ ሞከረች። ቢሮዋ ረፍዶባታል፤ ግን አልሄደችም። ስንት ጊዜ እንደደወልን እንጃ፣ በመጨረሻ ጠራ። ያነሳችው እናቴ ራሷ ናት።

"ማነው በጠዋት? ሰናይት ነሽ? ምነው ድምፅሽ?"

"ጉንፋን ይዞኝ ነው እማዬ" አልኳት።

ማዳም ለጎረቤቶቿ ስታስረዳቸው ሴቶቹ ሳቁ። ጋሽ በቀለም እንባቸውን በኮታቸው እጅጌ እየጠረጉ ሳቁ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። ከመጀመሪያው ይብሳል።

"አለች እኮ፣ ራስሽ ሰማሻት እኮ" አሉ ጋሽ ወርቁ ግራ ገብቷቸው።

"አባቴ ግን ሞቷል" አልኳቸው።

ይህን ለእናንተም እስካሁን አልነገርኳችሁም። እስከዚያ ቀን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። አባቴ ከዚያ ሦስት ዓመት በፊት ነው ያረፈው። የሰማሁት ረመዳን ላይ፣ ማዳም ጾሟን ልትፈታ ትንሽ ሲቀር፣ ሳምቡሳ እየጠበስኩ ነው። ወንድሜ ደውሎ "አባዬ ካረፈ አርባ ቀን አለፈው፤ ስደት ላይ ነሽ ብለን ደብቀንሽ ነው" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁ። ዘይቱ እየፈላ ነበርና ሳምቡሳዬን መጥበስ ቀጠልኩ። ማዳም ዓይኔን አይታ ስትጠይቀኝ ሽንኩርት ነው አልኳት።

በቀጣዩ አርብ ልናገር አስቤ ነበር። ያኔ ፓስተር አልነበረንም፤ ስብከቱንም ጋሽ በቀለ ናቸው ከወረቀት ያነበቡልን። ሰዉ መጓጓዣ እንዳያመልጠው ቶሎ ተበተነ። በሚቀጥለው አርብ ብዬ አሳደርኩት። ከዚያ ወር አለፈ፣ ከዚያ ዓመት። ዓመት ያለፈው ለቅሶ እንዴት ይነገራል? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ይህን ሁሉ ደጁ ላይ ተቀምጬ ነገርኳቸው።

ጋሽ በቀለ አንገታቸውን ደፉ። "ያኔ ሽማግሌሽ እኔ ነበርኩ" አሉ። "በየሳምንቱ እንዴት ነሽ ስልሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ትዪኝ ነበር።"

"ልማድ ነዋ ጋሼ" አልኳቸው።

ጋሽ ወርቁ ኮታቸውን አወለቁ። ክራባታቸውንም ፈትተው ኪሳቸው ከተቱና ከጎኔ መሬት ላይ ተቀመጡ። "እንግዲያው ዛሬ ለቅሶ ነን" አሉ። ጋሽ በቀለ ዶራሌ ደውለው ለቅሶ ቤት ስለሆኑ እንደሚያረፍዱ ተናገሩ። ማዳም ከፓስተሩ በፈረንሳይኛ ነገሩን ስትረዳ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ጓዳ ገብታ ሻይ አፈላች፤ የመጀመሪያውንም ብርጭቆ ለእኔ ሰጠችኝ።

"ስማቸው ማን ነበር?" አሉኝ ፓስተር ኤልያስ።

"ተሰማ።" የአባቴን ስም ከሞተ ወዲህ ጮክ ብዬ ስጠራው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

"ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?"

ልብስ ሰፊ እንደነበር፣ ልኬት በቃሉ ይዞ እንደማይጽፍ ነገርኳቸው። አንድ ጊዜ የቀጭኑን መምህር ሱሪ ለወፍራሙ ነጋዴ ሰጥቶ የተፈጠረውን ጠብ ስነግራቸው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ጸለዩልኝ። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ተቀመጡ። ስለ ሽማግሌነቱ አንድም ቃል ሳያነሡ ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው ሄዱ።

አርብ ዕለት እኔው ራሴ ሄጄ እሺ አልኳቸው። ምዕመኑም መረጠኝ። ብቸኝነቱ ግን ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬም ሽንኩርት እየከተፍኩ ብቻዬን አወራለሁ። ቢሆንም አሁን የአባቴን ስም እየጠራሁ ነው የማወራው፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን በጉባኤያችን ቀይሬያለሁ። ለማንኛውም ጉዳይ ወደ አንዲት እህት ልንሄድ ስንል ዋዜማውን እኔ እደውላለሁ። "ነገ እንመጣለን፤ ሁሉም ሰው ደህና ነው፣ ለሌላ ጉዳይ ነው" እላለሁ። ፓስተር ኤልያስ "ይሄ የሰናይት ሕግ ነው" እያሉ ይቀልዱብኛል።

ሳልደውል የሄድኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ሀያብለ ሰፈር፣ አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ዘንድ። ቤተሰቦቿ መርዶውን በስልክ ሊነግሯት ነበር፤ ቆዩ፣ እኛ እንሄዳለን አልኳቸው። በሩን ከፍታ ሦስታችንን ሽማግሌዎች ስታይ ገባት፤ ጮኸች። ያዝኳት። ከማዳም ሁለት ቀን አስፈቅጄ ነበርና ከእሷ ጋር ተቀመጥኩ።